የባቡር ፕሮጀክት ወጪ በመጋጠሚያው እንዳያፈስ፦ ለአሠሪው ወገን ባለሙያ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ በኩል ወልድያ አጠገብ ያለችው ሐራ ገበያ ድረስ እንዲዘልቅ የታቀደው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። የግንባታው ውል እ.ኤ.አ. በ2012 ከቱርኩ ተቋራጭ ከያፒ መርከዚ ጋር በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተፈረመ ሲሆን፣ ብድሩ ተሟልቶ ሥራው የተጀመረው ግን በ2015 ነው። ሐዲዱ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ ባቡሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ ኃይል በጊዜው አልደረሰለትም፤ ያ ሳይፈታ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ መጣ፤ በመስመሩ ንብረትም ላይ ዝርፊያና ጉዳት ደረሰ። እኛ የወሎ ሰዎች ሐዲዱን በየዕለቱ እያየን ባቡሩን በመጠበቅ ዓመታት አሳልፈናል።

እኔ በመንገድና በመሰል ግንባታዎች ላይ በመጠን ልኬትና በውል አስተዳደር የሠራሁ ሰው ነኝ። ስለ ወጪ መናር ሲነሣ የሲሚንቶ ዋጋ፣ የነዳጅ እጥረትና ሙስና ቀድመው ይጠቀሳሉ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ገንዘብ የሚፈሰው አንዱ መሥሪያ ቤት «ጨርሻለሁ» ሌላው «ገና አልተረከብኩም» በሚባባሉበት መጋጠሚያ ላይ ነው፤ መሬት ከተቋራጩ፣ ንድፍ ከአፈሩ፣ ሐዲድ ከኤሌክትሪኩ፣ የዶላር ብድር ከብር ገቢ በሚገናኙበት ቦታ ማለቴ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተጻፉት ለአሠሪው ወገን፣ ማለትም በሕዝብ ገንዘብ ለሚያስገነባው አካል ለሚሠራ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያና ኃላፊ ሲሆን፣ በቅደም ተከተል ቢነበቡና ቢሠራባቸው ይመረጣል።

ደረጃ 1፦ «ፕሮጀክቱ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ያዘጋጁ

ከላይ የጠቀስኩት 1.7 ቢሊዮን ዶላር የውሉ ዋጋ ነው። የፕሮጀክቱ ዋጋ ከዚህ ይሰፋል፤ የመሬት ካሳ፣ ከዋናው የኃይል መረብ እስከ ባቡሩ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚዘረጋው መስመር፣ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ፣ የአማካሪ መሐንዲስ ክፍያ፣ ቀረጥና ታክስ፣ በግንባታ ወቅት የሚከፈል ወለድ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ የመለዋወጫ ክምችት ሁሉ ይጨመሩበታል። ብዙ ጊዜ እነዚህ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች በጀት ውስጥ ተበታትነው ስለሚቀመጡ፣ ጠቅላላውን በአንድ ገጽ አስፍሮ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የመጀመሪያው ሥራዎ ይህን ገጽ ማዘጋጀት ነው። በእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት መጠኑን፣ ዋጋው የየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ በየትኛው ገንዘብ እንደሚከፈልና ከፋዩ ማን እንደሆነ ይጻፉ። የ2012 ዋጋና የ2015 ዋጋ በአንድ ዓምድ ከተደመሩ ድምሩ ምንም ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ግምቱን ከውጭ ይመልከቱት። ተመራማሪው ቤንት ፍሊቭቢየርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት የ258 የትራንስፖርት ፕሮጀክቶች ጥናት መሠረት፣ የባቡር ፕሮጀክቶች ወጪ ሥራው ሲወሰን ከተገመተው በአማካይ 45 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፤ ከዐሥሩ ፕሮጀክቶች የዘጠኙ ያህሉም ወጪ ከመነሻው አንሶ የተገመተ ነበር። ስለዚህ የእርስዎ መሐንዲሶች ንጥል በንጥል ቆጥረው 20 ቢሊዮን ብር ላይ ከደረሱ፣ የአማካዩን ልምድ ብቻ ቢከተሉ እንኳ 29 ቢሊዮን ብር ሊወጣ እንደሚችል ለወሳኙ አካል በግልጽ ይንገሩ። «የእኛ ፕሮጀክት ይለያል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ በምን እንደሚለይ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠይቁት።

መጠባበቂያ በጀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መጠባበቂያው በተጠሪ መሐንዲሱ እጅ ከተቀመጠ ያልቃል፤ ያለ ገንዘብ ሥራ ያገኛልና። ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ከፍ ባለ አካል እጅ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ወጪ በጽሑፍ ምክንያት ብቻ እንዲለቀቅ ያድርጉ።

ደረጃ 2፦ ከመፈረምዎ በፊት አፈሩን ይወቁ

ከአፋር ሜዳ ወደ ወሎ ደጋ የሚያወጣው ተረተር ለባቡር መሐንዲስ የዋህ መሬት አይደለም። የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ተደራርቦ የተኛ ሲሆን፣ በጠንካራው ድንጋይ መካከል የበሰበሰ ደካማ ንብርብር ይገባበታል፤ ደሴና አካባቢዋ የመሬት መንሸራተትን ያውቁታል። ወደ ቦርከና ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር፣ በከሚሴ በኩልም የጨፋን የመሰለ ረግረጋማ ምድር ይገኛል። መኪና መንገድ ጥቂት ቢሰምጥ ይጠገናል፤ በሐዲድ ላይ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር መስመጥ የባቡሩን ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሲብስም መስመሩን ያዘጋል።

የዚህን ዋጋ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ኮረብታ ላይ 200,000 ሜትር ኩብ ቆረጣ አለ እንበል፤ አፈሩ በሜትር ኩብ 300 ብር፣ ጠንካራው ድንጋይ 1,500 ብር ይሁን። ዲዛይኑ ድንጋዩን 20 በመቶ ብሎ ከገመተ ሥራው 108 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ሲቆፈር ድንጋዩ 50 በመቶ ሆኖ ቢገኝ ወጪው 180 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ወጪው ግን በሁለት ሦስተኛ ጨመረ። ለጥቂት ተጨማሪ የናሙና ጉድጓዶች ይወጣ የነበረው ገንዘብ ከዚህ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ትልቅ ቆረጣ፣ በእያንዳንዱ የድልድይ ምሶሶና በዋሻ አፎች ላይ ቁፋሮው ከውል በፊት ይጠናቀቅ፤ ቢያንስ አንድ ክረምት አልፎም የከርሰ ምድር ውኃው ከፍታ ይለካ። በበጋ ብቻ የተለካ የውኃ ከፍታ በሐምሌ አይሠራም።

ናሙናውንም ይጠብቁት። በአንድ ሥራ ላይ ለወራት የተቆፈረ የድንጋይ ናሙና በየሣጥኑ ተደርድሮ፣ ጥላ የሚሆን ቆርቆሮ ሳይሠራለት ከግቢ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በሐምሌ ልናየው ስንሄድ በማርከር የተጻፈው የጥልቀት ቁጥር በዝናብ ታጥቦ፣ የበሰበሰው ንብርብር ሟሙቶ፣ በሣጥኑ ውስጥ የቀረው ጠንካራው ድንጋይ ብቻ ነበር። ያን ሣጥን ብቻ ያየ ሰው ኮረብታው ሁሉ አለት ነው ብሎ ይፈርማል። ከዚያ ወዲህ ናሙና በወጣ ቀን ከነሜትሩ ፎቶ እንዲነሣ ሳላስደርግ ከሳይት ወጥቼ አላውቅም።

ደረጃ 3፦ ንድፉን ያሳንሱ፣ ከዚያም ያጽኑት

በዚህ ደረጃ ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን ውድ ናቸው። የመስመሩ አቀበት ጥቂት ቢጨምር ስንት ሜትር ዋሻ ይቀራል፣ በምትኩስ ስንት ቶን ጭነት በአንድ ባቡር ላይ ይቀነሳል? ኩርባው ቢጠብብ ፍጥነቱ በምን ያህል ይወርዳል? ለጭነት በታሰበ መስመር ላይ ለመንገደኛ ፍጥነት ሲባል የሚቦረቦር ተራራ መልሶ አይከፍልም። ጣቢያውም እንዲሁ ነው፤ መሬቱ ስለረከሰ ብቻ ከከተማ የራቀ ጣቢያ መንገድና ትራንስፖርት ሲጨመርለት ርካሽ ላይሆን ይችላል። የጣቢያ ሕንጻ የከተማዋ መታወቂያ እንዲሆን መመኘት ያለ ነው፤ ምኞቱን ግን ከባቡሩ ብድር ላይ አይክፈሉት።

የማድሪድ ሜትሮ፣ ማለትም የስፔን ዋና ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአሥሮች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን በአጭር ጊዜና በአነስተኛ ዋጋ ሊሠራ ከቻለባቸው ምክንያቶች መካከል ጣቢያዎቹን ተመሳሳይና ቀላል ማድረጉ፣ ውሳኔ የሚሰጥ አነስተኛ የመሐንዲሶች ቡድን በአሠሪው ቤት ውስጥ መያዙ ይጠቀሳሉ። እዚህም ካልቨርቱ (ውኃ በሐዲዱ ሥር የሚያልፍበት መተላለፊያ) በሦስት ወይም በአራት ዓይነት፣ ድልድዩ በሁለት ወይም በሦስት ርዝመት ከተወሰነ አንድ ቅርጽ ማውጫ መቶ ጊዜ ያገለግላል። ንድፉ ከጸና በኋላ ለውጥ የሚፈልግ አካል፣ ባለሥልጣንም ይሁን ከተማ፣ የለውጡን ዋጋና የሚያስከትለውን መዘግየት በጽሑፍ አይቶ ይፈርም። አብዛኛው የለውጥ ጥያቄ ፊርማው ሲቀርብለት ይቀዘቅዛል።

ደረጃ 4፦ ወሰን ማስከበሩን ከቁፋሮው ያስቀድሙ

የካሳው መሠረት የሆነው ሕግ ራሱ እንደሚለወጥ ይወቁ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ በአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በዐሥር እጥፍ ያሰላ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ወስዶ በዐሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ለገበሬው የተሻለ፣ ፍትሐዊም ነው። ረጅም ፕሮጀክት ግን በአሮጌው ሕግ ተገምቶ በአዲሱ ሊከፈል ስለሚችል፣ በካሳ መስመርዎ ላይ ለዚህ ቦታ ይተዉ።

ከካሳው ገንዘብ ይልቅ የሚያስወጣው ግን የካሳው መዘግየት ነው። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በነበረ አንድ የመንገድ ሥራ ላይ የካሳ ኮሚቴው የአንድ አዛውንት የብርቱካን ዛፎች 40 ናቸው ብሎ መዘገበ። ማሽኑ ሲመጣ አዛውንቱ ከኤክስካቫተሩ ፊት ለፊት በርጩማ አምጥተው ተቀመጡ።

«አያ፣ ቆጥረን እኮ ነው የጻፍነው» አላቸው የኮሚቴው ጸሐፊ።

«ልጄ፣ 46ቱንም ጉድጓድ የቆፈርኩት በእነዚህ እጆቼ ነው። የተከልኩትን እኔ አጥቼው አንተ ልትቆጥርልኝ ነው?»

ትክክል ነበሩ፤ ስድስቱ ዛፎች ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣ ከቦዩ ዳር ነበሩ። ስሕተቱን ለማረም ግን ኮሚቴው እንደገና መሰብሰብ፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ ሰነዱም ለፊርማ ወደ ላይ መሄድ ስለነበረበት 19 ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት አንድ ኤክስካቫተርና አራት ሲኖትራክ ገልባጮች ቆመው ኪራይ ተቆጠረባቸው፤ ተቋራጩም የቆሙበትን ሒሳብ ከነጊዜ ማራዘሚያው ጠየቀ፣ አገኘም። የስድስቱ ዛፎች ካሳ የኤክስካቫተሩን የአንድ ቀን ኪራይ አይሞላም ነበር።

ከዚህ የተማርኩትን አሠራር ላካፍል። ቆጠራው ባለይዞታው ባለበት፣ ከጎረቤቶቹ ሁለት ምስክር ተይዞ፣ በዚያው ቀን ተነቦለት ይፈረም። የወረዳው ኮሚቴ እስከ ተወሰነ የብር መጠን ድረስ ስሕተትን በቦታው አርሞ የመክፈል ሥልጣን አስቀድሞ ይሰጠው፤ ለዚህም የተዘጋጀ ገንዘብ ባንክ ይግባለት። መካነ መቃብር፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ዱዓ የሚደረግበት ትልቅ ዋርካ ሲያጋጥም ጉዳዩ የብር ብቻ አይሆንም፤ በወሎ ሸኾቹና ካህናቱ አብረው ተቀምጠው የሚመክሩበት ልማድ ስላለ፣ መስመሩ በወረቀት ላይ ሳለ ያማክሯቸው። በወረቀት ላይ 60 ሜትር ማዛወር የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በመጨረሻም የመስመሩን ካርታ በሦስት ቀለም ያስቀልሙ፤ የተከፈለበትና ነጻ የሆነው አረንጓዴ፣ የተገመተው ቢጫ፣ ያልተነካው ቀይ ይሁን። አረንጓዴው ያለ መቆራረጥ ረዘም ብሎ ካልታየ የሥራ ማስጀመሪያ ትዕዛዝ አይስጡ። እዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ እዚያ አምስት ኪሎ ሜትር እየተዘለለ የሚሰጥ መሬት ለተቋራጩ የክሌይም፣ ማለትም የተጨማሪ ክፍያና ጊዜ ጥያቄ፣ ማሳ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሉንና ብድሩን ጎን ለጎን ያንብቡ

ንድፉንም ግንባታውንም ተቋራጩ በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚወስድበት ውል ለአሠሪው እፎይታ ይመስላል። እፎይታው የሚዘልቀው ግን አሠሪው የሚፈልገውን አስቀድሞ ጠንቅቆ የጻፈ እንደሆነ ነው፤ ያልተጻፈው ሁሉ በኋላ ተጨማሪ ሥራ ሆኖ ይመጣል፣ በዚያን ጊዜም የሚወዳደር ሌላ ተቋራጭ የለም። በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ አሸናፊ መምረጥም እንዲሁ ነው፤ ከመሐንዲሱ ግምት እጅግ ያነሰ ዋጋ ሲቀርብ ተጫራቹ የእያንዳንዱን ትልቅ ሥራ ነጠላ ዋጋ እንዲያብራራ ሳይደረግ አይፈረም።

የቅድመ ክፍያና የአፈጻጸም ዋስትናዎችን የማብቂያ ቀን የሚከታተል አንድ ሰው በስም ይመደብ። ዋስትና ጊዜው ካለፈ በኋላ ተራ ወረቀት ነው፤ የሚያልፈውም ብዙ ጊዜ የበዓል ሰሞን ነው።

ብድሩን በተመለከተ ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን ሁለት ነገሮችን ማየት ይበቃል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት በጀመረ በዓመቱ ውስጥ፣ 10 ዓመት የነበረው የብድር መክፈያ ጊዜ ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ከቻይና ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል። የመክፈያው ቀን የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያው እንጂ በባቡሩ ጉዞ አይደለምና፣ የእፎይታ ጊዜውን ሲደራደሩ ግንባታው በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አስልተው ይግቡ። ሁለተኛው የምንዛሪው ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። 100 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ በ57 ብር ሲሰላ 5.7 ቢሊዮን ብር ነው፤ በ120 ብር ሲሰላ 12 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ስለዚህ ከወጪው ውስጥ በብር የሚከፈለውን፣ ለምሳሌ የድንጋይ፣ የአሸዋ፣ የጉልበትና የሀገር ውስጥ ሲሚንቶ ክፍያን፣ በዶላር ውል ውስጥ አያስገቡ።

ደረጃ 6፦ የመጋጠሚያ መዝገብ ይክፈቱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ሊሠራበት የሚችል ሰው ቢኖር ይህን እንዲወስድ እመክራለሁ። ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ መጋጠሚያ ይጻፋል፤ ምን እንደሚገናኝ፣ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን ማስረጃ እንደሚረጋገጥ፣ በአንድ ወር ቢዘገይ ስንት እንደሚያስወጣ።

የእኛን መስመር በምሳሌነት እንውሰድ። ባቡሩ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ እንዲሄድ የታቀደ ነው። ይህ ኃይል የሚመጣው ከብሔራዊው መረብ ነው፤ ስለዚህ ከባቡሩ ውል ውጭ የሆነ ሌላ ግንባታ፣ የራሱ ብድር፣ የራሱ ተቋራጭ፣ የራሱ የወሰን ማስከበር ችግር ያለው ሥራ በተመሳሳይ ቀን መድረስ አለበት። አዋሽ ላይ ደግሞ መስመሩ በቻይና የባቡር ደረጃ ከተሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል፤ የእኛው በአውሮፓ ደረጃዎች የተሠራ በመሆኑ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ዓይነት 1,435 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የምልክትና የመገናኛ ሥርዓቱ እንዴት እንደሚነጋገር፣ ሎኮሞቲቩ ይለወጥ ወይስ ይለፍ፣ ለመለወጫውስ ማን ይከፍላል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ረድፍ ይፈልጋሉ። በኮምቦልቻ ከደረቅ ወደቡና ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጋር የሚያገናኘው ቅርንጫፍም ሌላ ረድፍ ነው።

የዚህ መዝገብ ጥቅም በሀብታም አገርም ተፈትኗል። በለንደን ከተማ ሥር የተሠራው የክሮስሬል ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት መዘግየቱ ተገለጸ፤ ዋሻዎቹ ከተቦረቦሩ ቆይተው ነበር። የቀረው የጣቢያዎቹ ማጠናቀቂያና የምልክት ሥርዓቱን ከባቡሮቹ ጋር ማስማማት ነበር፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ሲሆን፣ ወጪውም በቢሊዮን ፓውንድ የሚቆጠር ጭማሪ አሳየ።

መዘግየቱን በቀን ዋጋ ይተርጉሙት፤ ሰው የሚሰማው ያኔ ነው። 1 ቢሊዮን ዶላር ተወስዶ ወለዱ በዓመት 4 በመቶ ቢሆን፣ የቆመ መስመር በየቀኑ 110 ሺህ ዶላር ገደማ ወለድ ይበላል። ይህን ቁጥር በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ከእያንዳንዱ ከባድ መጋጠሚያ ጎን ተለዋጭ መንገድ ይጻፉ። ኤሌክትሪኩ ቢዘገይ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጭነት ማመላለስ ይቻላል ወይ? የሚቻል ከሆነ በኪራይ ስንት ያስወጣል? ርካሽ አይሆንም፤ ሆኖም ከባዶ ሐዲድ ጋር ነው የሚነጻጸረው።

ደረጃ 7፦ በየወሩ ሦስት ቁጥር ይጠይቁ፣ አራተኛውን ይጨምሩ

ሦስቱ ቁጥሮች እስከዚህ ወር ሊሠራ የታቀደው ሥራ ዋጋ፣ በእርግጥ የተሠራው ሥራ በውሉ ዋጋ ሲሰላ፣ እንዲሁም የወጣው ገንዘብ ናቸው። ለምሳሌ በጀቱ 1,200 ሚሊዮን ብር የሆነ የሥራ ክፍል በዐሥረኛው ወር 500 ሚሊዮን ሊሠራበት ታቅዶ የ400 ሚሊዮን ሥራ ከተሠራና 480 ሚሊዮን ከወጣ፣ ሥራው በ20 በመቶ ወደኋላ ቀርቷል፤ የ1 ብር ሥራም 1.20 ብር እያስወጣ ነው። አካሄዱ ካልተለወጠ የመጨረሻው ወጪ 1,440 ሚሊዮን ብር ይሆናል። የገንዘቡን ፍሰት ብቻ የሚመለከት ኃላፊ «ከ500 ሚሊዮን ውስጥ 480 አውጥተናል፣ ደኅና ነን» ብሎ ሊፈርም ይችላል። ችግሩ በዐሥረኛው ወር ከታየ የሚታረምበት ጊዜ አለ።

አራተኛው ቁጥር የራሴ ነው፤ ባቡር ሊሄድበት የሚችል ኪሎ ሜትር። «አካላዊ አፈጻጸሙ 98 በመቶ ደርሷል» የሚለው የሪፖርት ቋንቋ ሁላችንም የለመድነው ነው፤ በክብደት ሲሰላ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ቁፋሮውና ኮንክሪቱ ብዙውን መቶኛ ይወስዳሉና። የቀረው 2 በመቶ የኃይል አቅርቦቱ ወይም ምልክቱ ከሆነ ግን ሊሄድበት የሚችለው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን እንዲጻፉ ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ ለውጥና ክሌይም በቃል አይሁን

በሳይት ላይ «ይህችን ግንብ ትንሽ አርዝማት» የሚል ቃል ከአንድ ባለሥልጣን ጉብኝት በኋላ ይቀራል፤ በዓመቱ ደግሞ ክፍያ ሆኖ ይመጣል። በጽሑፍ የለውጥ ትዕዛዝ ያልተሰጠበት ሥራ እንደማይከፈልበት ተቋራጩም የእርስዎ መሐንዲሶችም ከመጀመሪያው ቀን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጡት የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) መደበኛ ውሎች ተቋራጩ ለክሌይሙ መነሻ የሆነውን ነገር ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ጀምሮ በ28 ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ አሠሪውም ማስታወቂያው ሲደርሰው ዝም ካለ መረጃው ከተቋራጩ እጅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማስታወቂያ በደረሰ በማግስቱ የእርስዎ ሰው ቦታው ላይ ሄዶ ስንት ማሽን እንደቆመ፣ ስንት እንደሠራ፣ አየሩ ምን እንደነበር በሳይት ማስታወሻው ላይ ይጻፍ፣ የተቋራጩንም ፊርማ ይውሰድ። በደረጃ 4 ባነሣሁት የብርቱካን ዛፎች ጉዳይ ከኤክስካቫተሩ ጋር ቆመዋል ከተባሉት አራት ገልባጮች አንዱ በዚያው ሳምንት ሌላ ቦታ ጠጠር ሲጭን እንደነበር የምናውቀው እንዲህ ባለ ማስታወሻ ነው።

ደረጃ 9፦ ሥራው ቢቆምም ወጪው እንደማይቆም ያስቡ

ጦርነት፣ የክፍያ እጥረት ወይም የብድር መቋረጥ ሥራን ሊያስቆም ይችላል። የሚቆም ሥራ የራሱ በጀት ያስፈልገዋል። ያልተሸፈነ ቁልቁለት በክረምት ይታጠባል፤ የውኃ መውረጃ ቦይ በደለል ይሞላል፤ መዳብ ያለበት ገመድ ሌባ ይጠራል፤ የተከፈተ ዋሻ ያለ ድጋፍ ግንብ ሲቆይ ይሰነጠቃል። ሥራው እንዲቆም በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ የጥበቃና የማቆያ ሥራው ዝርዝር አብሮ ይጽደቅ፤ በመስመሩ ዳር ያሉ ቀበሌዎችም ለጥበቃው በክፍያ ይዋዋሉ። በአካባቢው ሰው እጅ ያለ ጥበቃ ከሩቅ ከመጣ ጥበቃ ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜም ይሻላል።

ወደ ርክክቡ ሲደረስ ሙከራውን አያሳጥሩ። ባዶ ባቡር፣ ከዚያ የተጫነ ባቡር፣ ከዚያም በጊዜ ሰሌዳ የሚመላለስ ባቡር ለወራት መሞከር አለበት፤ የዚህም ኤሌክትሪክ፣ ነዳጅና ደመወዝ በበጀቱ ውስጥ ይግባ። ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ተቀንሶ የተያዘው የመያዣ ገንዘብ የመጨረሻ ክፍል የሚለቀቀው የጥገና መመሪያው የእኛ ቴክኒሺያኖች ሊሠሩበት በሚችሉበት ቋንቋ ሲቀርብ፣ መለዋወጫው በመጋዘን ተቆጥሮ ሲገባና እንደተሠራው የተስተካከለው ንድፍ ሲረከብ ብቻ ይሁን።

የርክክቡ ዝርዝር የመጨረሻ ገጽ የቁልፎች ዝርዝር ይሁን። በተገኘሁበት አንድ ርክክብ ላይ ንግግሩ ተደርጎ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣ እንግዳው ሁሉ ምሳ ከሄደ በኋላ፣ የትራንስፎርመር ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደያዘው የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ተቋራጩ ለአማካሪው ሰጥቻለሁ አለ፤ አማካሪው ለአሠሪው ወኪል አስረክቤያለሁ አለ፤ ወኪሉ ከምሳ እስኪመለስ ድረስ አልጠበቅንም፣ የጥበቃውን ሰው መዶሻ ተውሰን አዲሱን ጓጉንቸር ሰበርነው።